የሕንፃችንን የጋራ ቤት ያስከፈቱት የወይዘሮ ስህን ፈንታሁን የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ስህን ፈንታሁን ነሐሴ 16 ቀን 1951 ዓ.ም. በአምባሰል፣ ከውጫሌ አለፍ ብላ በምትገኝ መንደር፣ ከአባታቸው ከአቶ ፈንታሁን አስፋውና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺሀረግ ሽታው ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በውጫሌ፣ ሁለተኛ ደረጃውን ደሴ ዘመድ ቤት ተቀምጠው ጨረሱ። በ1972 ዓ.ም. በስልክ ኦፕሬተርነት ተቀጥረው ሐይቅ ተመደቡ። ያኔ ስልክ የሚገናኘው በሰው እጅ ስለነበር የከተማውን ሰው በድምፁ ይለዩት ነበር። ታናሽ ወንድማቸውን አቶ ዝናውን ከገጠር አምጥተው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አቶ ዝናው ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት የእኔ የሔለን አባት ናቸው።

በ1975 ዓ.ም. ከመምህር ሙሉጌታ ይመር ጋር ትዳር መሥርተው ሕይወትንና ፍሬሰንበትን ወለዱ። ባለቤታቸው በ2001 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ሐይቅ በሚገኘው ባለ አራት ፎቅ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቤት በዕጣ ደረሳቸው። እኛም እዚያው ግራውንድ ላይ ገባን። አባቴ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው ተመረጡ፤ ከዚያ በኋላ ግን ስምንት ዓመት ስብሰባ አልተጠራም። ለኀዘንና ለድግስ የተሠራው የጋራ ቤትም የአባቴ የሲሚንቶ መጋዘን ሆነ።

ነሐሴ 2011 ዓ.ም. ሦስተኛ ፎቅ ይኖሩ የነበሩት አቶ ሰላሀዲን በድንገት አረፉ። ዝናቡ አላባራ ብሎ ነበር። ወይዘሮ ስህን ወርደው አባቴን፣ «ዝናው፣ ክፍሉን ክፈት፤ ሰው ሞቷል፤ ጀናዛው የሚታጠብበት ይፈለጋል» አሏቸው።

«ሲሚንቶው ይረጥብብኛል፤ ሌላ ቦታ ፈልጉ፣ እቴ» አሉ አባቴ።

ጀናዛው በጠባቧ መኝታ ቤት ታጠበ። ለቀስተኛውም ደረጃው ላይና ዝናብ ውስጥ ቆሞ ዋለ። የሟቹ ሚስት ወይዘሮ ዙሌይካ ግን ማንንም አልወቀሱም። ወይዘሮ ስህንን የቆጠቆጣቸው ይኼው ዝምታ እንደነበር ልጃቸው ሕይወት ነግራኛለች።

በሳምንቱ የሠላሳ ሁለቱንም አባወራ በር አንኳኩ። አንዳንዱ፣ «የገዛ ወንድምሽን ልትከሺ ነው?» ይላቸዋል። «ወንድሜን አልከስም፤ የጋራችንን ነው የምጠይቀው» ይሉ ነበር። ለመጀመሪያው ስብሰባ አራት ሰው ብቻ መጣ። ለሁለተኛው ሃያ ስድስት። በሕዝብ ፊት ተነሥተው፣ «ቤቱ የሁላችን ነው። እኔም የሰብሳቢው እህት ነኝ ብዬ ዝም ስላልኩ ጥፋቱ የእኔም ነው» አሉ። አባቴ ጥለው ወጡ። በማግሥቱ ሲሚንቶው ተጭኖ ሄደ።

ሕዝቡ እሳቸውን ሰብሳቢ አድርጎ መረጠ። ሁለት ነገር አስቀድመው አስወሰኑ፦ ማንም ከሁለት ዓመት በላይ በተከታታይ ሰብሳቢ እንዳይሆን፤ የጋራ ቤቱም ቁልፍ በሰብሳቢው እጅ እንዳይቀመጥ። ቁልፉን ወይዘሮ ዙሌይካ ያዙት። ደረጃው በተራ መጠረግ ጀመረ፤ ለአረጋውያን መደገፊያ ብረት ተበየደ፤ ተበላሽቶ የቆየው የውኃ ፓምፕ ተጠገነ። ደንቡን በእጃቸው ጽፈው መግቢያው ላይ ለጠፉ። አንድ ቀን በርበሬያቸውን መተላለፊያው ላይ አስጥተው ቢገኙ ኮሚቴው ገሠጻቸው፤ ሰፌዳቸውን አንሥተው፣ «እሰይ! ደንቡ ሠራ» ብለው ገቡ። ሁለት ዓመታቸው ሲሞላ ቃላቸውን ጠብቀው ወረዱ።

የከፈሉት ዋጋ ግን ቀላል አልነበረም። አባቴ ከአራት ዓመት በላይ አላነጋገሯቸውም። እሳቸው በበራችን ባለፉ ቁጥር፣ «እንደምን አደርክ፣ ዝናው» ማለታቸውን አልተዉም። እኛም ልጆቹ አንገታችንን እንደፋ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የልብ ሕመም ጸናባቸው። አንድ ረፋድ ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ሁለተኛውን ፎቅ መውጣት አቅቷቸው የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። አባቴ በመስኮት አይተው ወጡ። ክንዳቸውን ይዘው፣ «ነይ፣ እቴ፣ እኔ ቤት ግቢ» አሏቸው። ሰባት ወር እኛ ቤት ተኙ። አባቴ ሾርባ እያጠጡ፣ «ያን ዕለት መክፈት ነበረብኝ» ሲሏቸው ሰምቻለሁ። እሳቸውም፣ «እኔም ብቻህን ሳላናግርህ ሰው ፊት አቆምኩህ፤ እሱን ይቅር በለኝ» አሉ። ሁለቱም አለቀሱ።

ወይዘሮ ስህን በተወለዱ በ65 ዓመታቸው መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በወንድማቸው ቤት፣ ልጆቻቸውና ወይዘሮ ዙሌይካ በአጠገባቸው ሳሉ ዐረፉ። የሁለት ልጆች እናትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ።

ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ለልጆቻቸው፣ ለወንድማቸውና ለጎረቤቶቻቸው መጽናናትን ይላክ። ለቀረነውም ሳይመሽብን መታረቅን ይስጠን። አሜን።