ሃያ ስምንት ጓደኛ ያላት ልጅ

ይድረስ ከሰው ሁሉ አብልጣ ለምትናፍቀኝ፣ ከሰው ሁሉ አብልጣም ለምትቆጣኝ ታላቅ እህቴ። እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው፣ የስፌት ፋብሪካው ወንበር አሁንም ይቆረቁርሻል? ጉንፋንሽ ለቀቀሽ ወይስ እንደ ባልሽ ዘመዶች ቤቱን ወደደው? እኔ ደህና ነኝ። እማዬ ጠዋትም ማታም እየተቆጣችኝ ነው፤ ስለዚህ ጤነኛ ናት። አባዬን ጉልበቱን ያመዋል፤ እኔን ለማባረር ሲሆን ግን ይድናል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ሳቂ፣ ግን እስከ መጨረሻው አትሳቂ።

ዘንድሮ ትምህርት ቤታችን ሴት ልጆች መገላለል እንዲያቆሙ የሚያስተምር ፕሮግራም ተጀምሯል። የምትመራው አማካሪዋ መምህርት ናት። ሐሙስ ሐሙስ ወንዶቹን ታስወጣና “ዱላ ማለት ቡጢ ብቻ አይደለም። ፊት ማዞርም፣ ሐሜትም፣ ‘አትምጪብን’ ማለትም ዱላ ነው” ትለናለች። እኛም ራሳችንን እየነቀነቅን በጠረጴዛ ሥር እንቆነጣጠራለን።

በክፍላችን አፏን ስለማትከፍት እኔ ማኅተም ብዬ ስም ያወጣሁላት ልጅ አለች። አምና የኮረጁትን ለአስተማሪ አሳብቃለች ተብሎ፣ ከዚያ ወዲህ ማንም አያናግራትም። ስታሳብቅ ያየ የለም፤ እሜቴ ብላለች፣ አለቀ። እሜቴ የምንላት ሴቶቹን ሁሉ በዓይኗ የምትነዳ ልጅ ናት፤ እሷ የሳቀችበት ይሳቅበታል፣ እሷ ያኮረፈችው ይኮረፋል።

ታዲያ ባለፈው ወር መምህርቷ ወረቀት አደለችንና “በእረፍት ሰዓት አብራችሁ የምትቀመጡትን ሦስት ልጆች ስም ጻፉ” አለች። ለካ ስሟ ያልተጻፈላትን ፈልጋ ልትረዳ ኖሯል። እኔን ምን ለከፈኝ መሰለሽ? ከፊት ወንበር እስከ ኋላ “ሁላችሁም ማኅተምን ጻፉ!” እያልሁ አንሾካሾክሁ። እሜቴ በሳቅ ፍርፍር አለች፤ እሷ ከሳቀች ደግሞ ማን ይቀራል? ሃያ ስምንት ልጅ ጻፈላት።

መምህርቷ ቆጥራ ሃያ ስምንት ጓደኛ ያላት ልጅ አገኘች። በደስታ ክፍሉን አስጨበጨበችላት። ማኅተም ግራ ገባት፤ ግን በእረፍት ሰዓት ቀስ ብላ መጥታ እኛ የተቀመጥንበት አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። እሜቴ ብድግ አለች። ሁላችንም ብድግ አልን። እኔም ጭምር፣ እታለም። ወንበሩ ባንድ ጫፍ ብቻ ሲከብደው ተነስቶ ሊጥላት ምንም አልቀረው፤ እንዴት እንደሳቁ!

ይኼ አልበቃ ብሎ ሰኞ ከትምህርት ቢሮ እንግዶች ይመጣሉ። ማኅተም መድረክ ላይ ወጥታ “ጓደኛ እንዴት እንዳፈራሁ” የሚል ንግግር ታደርጋለች ተብሏል። እነ እሜቴ የት ላይ በሳቅ እንደሚያቋርጧት ካሁኑ እየተለማመዱ ነው።

አላስችል ቢለኝ ማክሰኞ መምህርቷ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናዘዝሁ። “አንቺ ልጅ ደግሞ ጀመረሽ! እሷ ስትመሰገን አንቺን ምን አሳከከሽ?” አለችኝ። ሰባተኛን የደገምሁ፣ የርእሰ መምህሩን ወንበር ጠመኔ የቀባሁ እኔው አይደለሁ፤ ማን ይመነኝ? ቀናተኛ ተብዬ ወጣሁ። ወሬውም ቀድሞኝ ክፍል ገብቶ ጠበቀኝ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ እርሳስ አውሱኝ ስል እንኳ ያልሰሙ ይመስላሉ። ቀልዴን ለግድግዳ ሆኗል የምነግረው። እኔ እኮ ሰው ካልሳቀልኝ ምሳ የማይወርድልኝ ሰው ነኝ!

የቀረኝ አንድ መንገድ ነበር። ራሷ ማኅተም “ውሸት ነው” ብትል መምህርቷ ታምናለች። ትናንት ከትምህርት ቤት ስንወጣ ተከትዬ ለመንኋት። ቆም አለችና “ጓደኛ የለኝም ብዬ ደግሞ በገዛ አፌ ልመስክር?” አለችኝ። ድምጿ ወፈር ያለ ነው፤ ለካ ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ ከደብተሯ አንድ ሉክ ገንጥላ ሰጠችኝ። “ንግግሩን አንቺ ጻፊልኝ። ማሳቅ ታውቂበታለሽ፤ እንዳይሳቅብኝ ማድረግም ታውቂ ይሆናል” አለች።

ሉኩ ይኸው ፊቴ ነው። “ክቡራን እንግዶቻችን” ካልሁ ወዲያ አንድ ቃል አልመጣልኝም። ጓደኛ ማፍራት የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እሜቴ ስትስቅ መሳቅ ነበር የማውቀው። ብጽፍላት የኔን ውሸት ታነባለች፣ ባልጽፍላት ባዶ እጇን ትወጣለች። ምከሪኝ እንዳልልሽ ይህ ደብዳቤ ሳይደርስሽ ሰኞ ያልፋል። ብቻ አንድ ሰው ይወቅልኝ ብዬ ነው። ለእማዬ እንዳትነግሪብኝ።

ለባልሽ ለሾፌሩ፣ ቤት ውስጥ ጥሩንባ አይነፋም ብላሃለች በይልኝና ሰላም በይልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በያቸው። ማሙሽን ሁለቱን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ሦስተኛ ካበቀለም ሦስተኛውን። እማዬና አባዬ ዓይንሽን ይስማሉ። ሌላ ጊዜ “ጓደኞቼም ሰላም ብለውሻል” ብዬ ነበር የምጨርሰው። ዛሬ እኔው ብቻዬን ሰላም ብያለሁ።

ቀበጧ ታናሽ እህትሽ

ከቤታችን፣ ከኋላ በር ደረጃ ላይ
ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 ቀን