ምድጃው ግን አልተነካም

እሑድ፣ ግንቦት 17 ቀን

ለምወድሽ ባለቤቴ፤

ፖስታው ላይ የእኔን ጽሑፍ ስታዪ እንዳትደነግጪ፣ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። እናትሽ ደህና ናቸው። እኔም ደህና ነኝ። ከተማው ውስጥ አንድም ሰው አልሞተም። አሁን ተቀመጪና ቀሪውን በእርጋታ አንብቢ።

ሁልጊዜ የሚጽፉልሽ እሳቸው እንደሆኑ አውቃለሁ። ግን የቀኝ እጃቸው አንጓ ወለም ብሎ በፋሻ ታስሯል። የስልኩም ምሰሶ ሁሉ ስለወደቀ መስመሩ እስካሁን አልተሠራም። ስለዚህ ደብዳቤው እኔ ላይ ወደቀ።

ዐውሎ ነፋሱ የመጣው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። የጠዋቱን ዳቦ ሸጬ ትሪ እያጠብኩ ነበር። ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም። ከዚያ ብርሃኑ ተለወጠ። ሰማዩ አረንጓዴ ሆነ ብልሽ ታምኚኛለሽ? በር ላይ ብቅ ስል፣ ከእህል መጋዘኑ ማዶ አንድ ጥቁር ነገር ከደመናው እንደ ዝሆን ኩምቢ ተንጠልጥሎ መሬቱን እየጠረገ ይመጣል። ድምፁ የባቡር ነው፤ እኛ ከተማ ደግሞ ባቡር የለም።

ምን እንዳሰብኩ እንጃ፣ እግሬ ወደ እናትሽ ቤት ሮጠ። አንቺ ተቀይመሽኝ ከሄድሽ ወዲህ እሳቸው እኔን ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ፤ ሰላምታዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ነው የማልፈው። በሩን በርግጄ ስገባ ወጥ ቤት ቁጭ ብለው ሽንኩርት ይልጣሉ።

«ማን ግባ አለህ?» አሉኝ።

«እማማ፣ ይነሱ! ዐውሎ ነፋስ መጣ!»

«መስኮቱን ዝጋልኝና ውጣ።»

ለክርክር ጊዜ አልነበረም። ይቅር በይኝ፣ እናትሽን እንደ ዱቄት ጆንያ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወጣሁ። መንገዱን እስክሻገር ድረስ ጀርባዬን በቡጢ ሲነርቱኝ ነበር። አንጓቸው ወለም ያለው ያኔ ይመስለኛል፤ እሳቸው ግን «ነፋሱ ነው» ይላሉ።

ከዳቦ ቤታችን ምድጃ ኋላ ያለችው፣ ማገዶ የምናስቀምጥባት ጠባብ ጓዳ ትዝ ትልሻለች? እዚያ ወሸቅኳቸውና በሩን በጀርባዬ ደግፌ ተቀመጥኩ። ወዲያው ጣሪያው ሄደ። ቆርቆሮው ሲገነጠል ጆሮዬ ድፍን አለ፣ አቧራው ዓይን አያስገልጥም። በጀርባዬ በኩል በሩ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ልክ ሰው ከውጭ የሚገፋው ይመስል። እናትሽ ክንዴን ጨምድደው ይዘው ይጸልያሉ። ድንገት ጸሎቱን አቋረጡና ጆሮዬ ሥር ጮኸው፣

«ዳቦህ ሰሞኑን ጨው በዝቶበታል!» አሉኝ።

«ከየት ቀምሰውት ነው እማማ?»

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

ከየት እንደቀመሱት አጥቼው አይደለም። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ በየቀኑ ለራሷ ከምትገዛው ሌላ አንድ ለስላሳ ዳቦ ትጨምራለች፤ የእሷ ጥርስ ደግሞ ድንጋይ ይሰብራል። እኔም ለስላሳውን ለማን እንደምለይ አውቄ ነው የምለየው። ይህን ፊቴ ላይ አይተውት መሰለኝ፣ መጀመሪያ እሳቸው ሳቁ። ከዚያ እኔ። ከተማው ሲፈርስ እኛ ማገዶ ላይ ቁጭ ብለን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ፍርሃቱ ይሁን ሳቁ ያስለቀሰን አላውቅም።

ስንወጣ ጸጥ ብሏል። መንገዱ መንገድ አይመስልም፤ መኪናው፣ አጥሩ፣ የሰው ልብስ፣ ሁሉም ተደበላልቋል። የእናትሽ ቤት ግማሹ የለም። ሽንኩርት የሚልጡበት ወንበር ላይ የጣሪያው ወራጅ ተጋድሟል። አዩት። ቀጥለው «ልብስ ሰፊዋስ?» ብለው ጮኹ።

የእሷ ሱቅ ተንዶ የጡብ ክምር ሆኗል። እኔና ሥጋ ሻጩ በባዶ እጃችን ጡብ ስናነሳ፣ እናትሽ ከላይ ሆነው ይጣራሉ። መልስ የለም። ሥጋ ሻጩ፣ ያ በሰው ፊት እንባ የማያወጣው ወፍራም፣ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። እኔም ተስፋዬ ተሟጥጦ ነበር። ያኔ ከሥር፣ «አለሁ! ቀስ በሉ እንጂ፣ ማሽኔን ልትሰብሩብኝ ነው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የብረት እግር ባለው የስፌት ጠረጴዛዋ ሥር ገብታ ተርፋለች። ጎትተን ስናወጣት ከአቧራው ብዛት ፊቷ ኖራ የተቀባ መስሏል። እናትሽ አቀፏትና አለቀሱ። አንቺን ከሸኙ ወዲህ እንዲህ ሲያለቅሱ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው።

ምድጃው ግን አልተነካም። ክዳን ባለው በርሜል የነበረው ዱቄትም ተርፏል። ስለዚህ በማግስቱ ጣሪያ በሌለው ዳቦ ቤት እሳት አነደድኩ። ሽታው ሲወጣ ሰው ከየፍርስራሹ መጣ። ያን ቀን ማንንም አላስከፈልኩም። እናትሽ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጠው በደህና እጃቸው ሰልፉን ያስተናግዳሉ። «አንተ ረጅሙ፣ ቅድም ወስደሃል፣ ዞር በል!» ሰው እንደዚያ ስቆ አያውቅም።

አሁን የሚኖሩት እኛ ቤት ነው፤ ከመስኮቶቹ በቀር ምንም አልሆነም። መኝታ ቤቱን ለእሳቸው ለቅቄ እኔ ሳሎን እተኛለሁ። የመጡ ቀን ዕቃውን ሁሉ ቦታ ቀያየሩት። ከበሩ ኋላ የተሰቀለው ኮትሽ ጋ ሲደርሱ ግን ቆም አሉ። ኮቱን እዚያው ተዉት።

«ደህና ነን፣ ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ በልልኝ» ብለዋል፤ ይኸው ብያለሁ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የሲሚንቶ መኪና ሹፌር ደግሞ መንገዱ ተጠርጎ እንዳለቀ፣ አውቶቡሱም ከነገ ጀምሮ እንደሚመላለስ ነግሮኛል። ይህችን የጨመርኳት እኔ ነኝ።

ለእኛ የደረሰልን አምላክ አንቺንም ከክፉ ይሰውርሽ፤ ባለሽበት ጤና ይስጥሽ።

ባለቤትሽ፣
ዳቦ ጋጋሪው