ከጉብታው ሥር የሚቆሙት

ኅዳር 4

ዛሬም አረፈድኩ። የስፌት ቤቱ ባለቤት ከላይ እስከ ታች አየችኝና «የምትኖሪው ሌላ አገር ነው እንዴ?» አለች። ሄጄ ማሽኔ ጋ ተቀመጥኩ።

የድሮ ሰፈራችን ለመንገድ ሲፈርስ ይሄ ቤት ደረሰን። ቤቱስ ጥሩ ነው፤ ውሃ አለው፣ ጣሪያው አያፈስም። ግን የሕንፃው ግማሽ ባዶ ነው፤ በሮቹ ላይ የፋብሪካው ላስቲክ እንኳ አልተቀደደም። የአውቶቡሱ የመጨረሻ ፌርማታ እኛ ደጅ ነው ተብሎ ነበር። ሾፌሩ ግን ከበላያችን ያለው ጉብታ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያያል። ሰው ካልበዛ እዚያው ዞሮ ይመለሳል። ለአንድ ለሁለት ሰው ነዳጅ አላቃጥልም ባይ ነው። ታክሲማ ጭራሽ አያውቀንም።

እኔስ ሮጬ እወጣለሁ። እማስ? በሳምንት ሁለቴ ሆስፒታል ሄዳ ኩላሊቷን መታጠብ አለባት። ያን ዳገት ስትወጣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል...

ኅዳር 7

አውቶቡሱ ወረደ። ጉም ነበር። ከመስኮት ሳይ ፌርማታው ጋ ሰዎች ቆመዋል፤ አምስት ይሆናሉ። እሰይ፣ አዲስ ጎረቤት መጣልን አልኩ። እማን ደግፌ ስወርድ አውቶቡሱ ደርሷል። ከኛ በቀር ግን የተሳፈረ የለም። እነሱ ራቅ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ጉብታው አዙረው፣ እንደቆሙ ቀሩ። እማ እንደምን አደራችሁ አለቻቸው። መልስ የለም። ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው እያለች እስከ ሆስፒታል አጉረመረመች።

ኅዳር 8

ዛሬም አልተሳፈሩም። ማንን ነው የሚጠብቁት? ሌላ አውቶቡስ የለም እኮ።

ኅዳር 12

ከሥራ ስመለስ ገና ፀሐይ ነበር። ፌርማታው ጋ ማንም የለም። የቆሙበት መሬት ላይ ጠባብ ጠባብ ጉድጓዶች አሉ። የጫማ ዱካ ግን የአንድ ሰው ብቻ... የሴት ጫማ። የግቢውን ጥበቃ ጠየቅኩት። ጠዋት ጠዋት ወደዚያ አላይም አለኝ። ለምን? የተቀጠርኩት ግቢውን ልጠብቅ ነው ብሎ ፊቱን አዞረ።

ኅዳር 15

እማ ምሳ እየበላን፣ ፌርማታው ጋ ከሚቆሙት አንደኛው ሰውዬ የለበሰው ካፖርት የእትዬ ባል ካፖርት ነው አለች። እትዬ የምንላቸው በር ለበር ያሉት ጎረቤታችን ናቸው። ባላቸው እኛ ከመምጣታችን በፊት ነው የሞቱት። ካፖርቱን ለብሰው የተነሡት ፎቶ ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል፤ እኔም አይቼዋለሁ። ተሳስተሽ ነው አልኳት። የእማ ዓይን ግን አይሳሳትም።

ኅዳር 16

ብቻዬን ወረድኩ። ጉሙ ድፍን ያለ። አንዳቸውም አልተነቃነቁም። ካፖርት የለበሰውን ትከሻውን ነካሁት። ቀዝቃዛ። ውስጡ እንጨት... ጭንቅላቱ በፎጣ የተጠቀለለ ጀሪካን።

ዞር ስል እትዬ ሌላ እንጨት አቅፈው ቆመዋል። አላፈሩም፣ አልደነገጡም። ነገሩኝ። ባላቸውን ደረታቸውን ሲወጋቸው፣ እሳቸው ደግፈው እስከ ፌርማታው አድርሰዋቸው ነበር። አውቶቡሱ ጉብታው ላይ ታየ።

«እሱ መሬት ላይ ተኝቷል። የቆምኩት እኔ ብቻ። እጄን አውለበለብኩ... ዞሮ ሄደ።»

ከዚያ የካፖርቱን አንገትጌ አስተካከሉለት። ልክ ባሏን ወደ ሥራ እንደምትሸኝ ሴት።

«አሁን ቆሟል። እሱ ከቆመ አውቶቡሱ ይመጣል» አሉ።

እንጨቱን ያዝኩላቸው።

ታኅሣሥ 2

እትዬን ወንድማቸው መጥቶ ወሰዳቸው። ካፖርቱን ራሳቸው ለብሰውት ሄዱ። የቀሩትን ንፋስ ጣላቸው።

ታኅሣሥ 6

አውቶቡሱ ከጉብታው ተመለሰ። እማ እጥበቱ አለፋት። እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ አለ። አታስቢ ትለኛለች፤ ከንፈሯ ግን አመድ መስሏል። አውቶቡስ መሥሪያ ቤቱ ደወልኩ። አንዱ በለሰለሰ አንደበት፣ እናንተ ጋ በቂ ተሳፋሪ የለም አለኝ።

ታኅሣሥ 7

ጥበቃው እማን አዝሎ ጉብታውን ወጣ። ሐኪሟ ወደ ጎን ወሰደችኝና «ድጋሚ ካመለጣት፣ ብታመጫትም ላንደርስላት እንችላለን» አለች።

ታኅሣሥ 8

ከስፌት ቤቱ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለመንኩ። ለምን እንደሆነ አልተናገርኩም። የኔዎቹ የእንጨት ሰዎች ከእትዬዎቹ ይሻላሉ። ትከሻ አላቸው፣ ወገብ አላቸው። ንፋስ ሲነካቸው፣ ቆሞ የሰለቸው ሰው እንደሚያደርገው ወዝወዝ ይላሉ። ለመጨረሻዋ ልብስ አለቀብኝ። ሰማያዊ ቀሚሴን ሰጠኋት። ጉድጓዱን የቆፈረልኝ ጥበቃው ነው። ቀና ብሎ አላያቸውም።

ታኅሣሥ 9

ሁሉንም ወደ ጉብታው አዙሬ ነበር የተከልኳቸው። ዛሬ ከመስኮት ሳይ፣ ባለ ሰማያዊ ቀሚሷ ወደኛ ቤት ዞራለች። ንፋስ ነው... ንፋስ ነው አይደል?

አውቶቡሱ ግን ወረደ።

ጥር 3

የእማ እግር እብጠቱ ጎደለ፤ ጫማዋ ገባላት። ከዚያ ወዲህ አንድም እጥበት አላመለጣት። እኔም ማርፈድ ትቻለሁ፤ የስፌት ቤቱ ባለቤት እንኳ መንደርሽ ቀረበ እንዴ ብላ ቀለደች።

ዛሬ አዲስ የገባች ጎረቤት ጉሙ ውስጥ ሮጣ ደርሳ ከኛ ጋር ተሳፈረች። ጉብታውን ስንወጣ ጉሙ ሲገለጥ፣ በኋላ መስታወት ወደ ታች አየች። እኔም አየሁ። የኔ ቀሚስ፣ የኔ ቁመት። ሻሿን እንኳ እንደኔ ነው ያሰርኩላት... አሁንም ወደኛ ዞራለች።

«ያቺ ልጅ ለምን ቀረች?» አለች ሴትየዋ። «ስንሄድ እኮ እያየችን ነው።»

የመለሰችላት እማ ናት፤ ወደ ኋላ ዞር እንኳ ሳትል።

«እሷ ሥራዋ እዚህ ነው።»