በጓሯችን የቀረው ሽምብራህ

ውድ አስማረ፣

የሰማንያ ቀን ተዝካርህን ካወጣን ሳምንት ሆነን። ቢቸና እንደምታውቃት ናት፤ ነፋሱ በርትቷል፣ እኔም ወደ ማስተማሬ ተመልሻለሁ። ከጓሮው በር ጀርባ የሰቀልከውን ኮት ግን እስካሁን አላወረድኩትም።

የምጽፍልህ ስለ ሽምብራህ ነው። መስከረም ላይ ሕመሙ በድንገት ሳይጥልህ የዘራኸው፣ ግማሹን መደብ እንዲሁ፣ ግማሹን በዚያ በሆርሞንህ ውሃ ነክረህ። ያልነከርከው አብቦ ሳይጨርስ ጠወለገ። የነከርከው ግን ቆሟል፣ እሸትም ይዟል። ጎረቤቶች እንቅመሰው ቢሉኝ አላስነካም አልኩ። እጅህ የነካው የመጨረሻ ነገር ነው።

ባለፈው ያቺ የሞጣ የሰብል ምርምር ባልደረባህ ዘሃራ መጣች። ለካ የመጣችው ልትነቅለው ነው። ከላይ አረንጓዴ መሆኑ አይበቃም፣ የሚያጠወልገው ፈንገስ መግባት አለመግባቱ የሚታወቀው ሥሩ ተሰንጥቆ ሲታይ ነው አለችኝ። ከዚያ ሁሉ ንግግሯ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “አስማረ ሁልጊዜ እንዲህ ይለኝ ነበር” ያለችው። ሁልጊዜ። እኔስ ያኔ የት ነበርኩ?

አትሳቅብኝ። በሕይወት ሳለህም እቀና ነበር፣ ታውቀዋለህ። ሳምንቱን ሞጣ ከእሷ ጋር ማሳ ለማሳ ትውላለህ፤ ቅዳሜ ስትመጣ ደግሞ ጉንጬን ሳትስም ጓሮ ገብተህ ቅጠል ታገላብጣለህ። አንድ ሽምብራ ቢያጎነብስ ምሳህን ትተዋለህ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ስውል ግን አይታይህም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ስለ እሷ ደጋግሜ ብጠይቅህ፣ መልስ በመስጠት ፈንታ ስለ ሽምብራ ነገርከኝ። በሽታው ከአፈር በሥር ሲገባ ተክሉ ራሱ የሚያመነጨው፣ መላ አካሉን የሚያነቃ ሆርሞን አለ፤ ዘሩን የምትነክረውም ቀድሞ እንዲነቃ ነው። ነገሩ የራስ ምታት ክኒን ዘመድ ነው ስትለኝ፣ ሽምብራም ራሱን ያመዋል ወይ ብዬ ሳቅሁብህ። ከዚያ ደግሞ፣ ሲበዛበት ጠላት ሲጠብቅ ይውላል፣ ማደጉን ይረሳል፣ ድንክ ሆኖ ይቀራል አልክና አየኸኝ። ለማን እንደተናገርክ ገብቶኛል። ተኮራርፈን አመሸን።

ዘሃራን በባዶ እጇ መለስኳት። እሷ ከሄደች በኋላ መደቡ ዳር ቆሜ ሳይ፣ የታችኞቹ ቅጠሎች መርገፍ ጀምረዋል። ትንሽ ከቆየ እሸቱ ደርሶ ሁሉም ይደርቃል፣ ሥሩም የሚናገረው አይኖረውም። እጅህ የነካውን ለራሴ ላስቀር ብዬ ልፋትህን ላጠፋው ነበር። በማግስቱ ደወልኩላት፤ የምነቅለው ግን እኔ ነኝ፣ የምሰነጥቀውም በቤቴ ቢላዋ ነው አልኳት። “እሺ እትዬ” አለችኝ። እትዬ መባሌም አናደደኝ፤ በዕድሜ ያን ያህል የምንበላለጥ አይመስለኝም።

ትናንት ጓሮ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መጀመሪያ ከጠወለገው አንዱን ሰነጠቅሁ፤ መሀሉን ቡናማ መስመር ወርዶበታል። ቀጥዬ አንተ የነከርከውን ነቀልኩ፣ አፈሩን አራገፍኩ፣ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቅሁት። ነጭ ነው። የሚቀጥለውም ነጭ። ሁለታችንም እኩል ስምህን ጠራን። ከእሷ አፍ ሲወጣ አሁንም ቀናሁ፣ አልዋሽህም። ዞር ስል በሻርፗ ጫፍ እንባዋን ትጠርጋለች። ከቤታችን ውጭ የሚያለቅስልህ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ጥግ ላይ ያሉትን ለዘር ትቻቸዋለሁ። መስከረም ሲጠባ የምነክራቸው እኔ ነኝ፤ ልኩን ዘሃራ ታሳየኛለች፣ ተስማምተናል። ሥራህን እሷም ታስታውሰው፣ አልከለክላትም። ቅዳሜን ግን፣ ጭቃ የያዘ ጫማህን፣ ሳትስመኝ ጓሮ መግባትህን፣ እስክሞት የማስታውሰው እኔ ብቻ ነኝ። እሱን ለማንም አላካፍልም።

ቀናተኛዋ ሚስትህ፣
አንችናሉ