ትንፋሽ የሚቆጥረውን መቀነት የሸመኑት የእኛው አቶ ኤርሳዶ ቦልቴ

በወላይታ ሶዶ ከተማ የምንገኝ የ«ክር ለጤና» የሽመና ኅብረት ሽርክና ማኅበር አባላት፣ መሥራች ባልደረባችን አቶ ኤርሳዶ ቦልቴ በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ጥር 28 ቀን 2008 ዓ.ም. በድንገተኛ ሕመም ስለተለዩን የተሰማንን መሪር ሐዘን ለደንበኞቻችንና ለከተማው ሕዝብ እንገልጻለን።

መግለጫችን የዘገየው ሐዘኑ ቀልሎን አይደለም፤ ተሰብስበን እስክንመክር ነው። በቀብራቸው ዕለት የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ከአዲስ አበባ የመጣው የጥናት ቡድን ነበር። «ትጉህ ረዳታችን» አላቸው። የማኅበራችን ስም አልተነሳም። ስለዚህ የሠሩትን እኛ እንናገራለን።

በ2004 ዓ.ም. በጥቃቅንና አነስተኛ ስንደራጅ፣ ከአምስታችን ዲግሪ ያልነበራቸው እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ሽመና የሚያውቁትም እርሳቸው ብቻ።

በ2005 ዓ.ም. ይኸው የጥናት ቡድን የሕፃናትን ትንፋሽ የሚቆጥር የደረት መቀነት ይዞ መጣ። መቀነቱ ባትሪ የለውም፤ ሕፃኑ በተነፈሰ ቁጥር የጥጥና የናይለን ክሮች ሲተሻሹ ከሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ይሠራል። ትንፋሹ በሳንባ ምች ጊዜ እንደሚሆነው ሲፈጥን ትንሽ መብራት ይበራል። ክሮቹ ግን በሙጫ የተለጠፉ ስለነበሩ «አይታጠብ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። አቶ ኤርሳዶ አንብበው ሳቁ። «የኔ ልጆች፣ የእናንተ ሕፃን አያቀረሽም?» አሉ።

በ2006 ዓ.ም. ሙጫውን አስቀርተው ሁለቱን ክሮች በድርና በማግ አዋሐዱ፤ ጨርቁንም እንደ ሽንሽን የሚዘረጋና የሚሰበሰብ አድርገው ሸመኑት። የኤሌክትሪኩን ክፍል የሠራችው ጸሐፊያችን ሳሌም ጩማ ናት። በተበላ ከተማ አካባቢ ያሉ እናቶች ለሙከራ ወስደው አርባ ጊዜ ያጠቡትን መቀነት መልሰውልናል፤ መብራቱ ይበራ ነበር። በዚያው ዓመት፣ ሴት አትሸምንም ሲባል፣ አቶ ኤርሳዶ ሳሌምን ሽመና አስተማሯት።

በ2007 ዓ.ም. የወጣው የቡድኑ የጥናት ጽሑፍ በአዘጋጅነት የስምንት ሰዎች ስም አለበት። አቶ ኤርሳዶ «የአካባቢው ሸማኔ»፣ ሳሌም «አንዲት ወጣት» ተብለዋል። ሳሌም ስትቆጣ አቶ ኤርሳዶ «ተይ አንቺ፣ ጨርቁ ይታጠብ እንጂ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኛ ግን አልተውነውም።

ቅናት ነው የሚሉን አሉ። አዎ፣ ቅናት ነው። ቡድኑ ለሦስት ቀን አዲስ አበባ ወስዷቸው፣ የሰጣቸውን ኮፍያ አድርገው ሲመለሱ እንኳ ቀንተናል። አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት አብረውን ቁርስ የበሉትን ሰው ሌላው «የእኛ» ሲላቸው መስማት ያንገበግበናል።

አሁን ደግሞ ቡድኑ የሽመና ዕቃቸውን፣ ሳይጨርሱት ከቀረው መቀነት ጋር፣ ለኤግዚቢሽን እንዲሰጡት ባለቤታቸውን ወይዘሮ አገርነሽን ጠይቋል። ወይዘሮ አገርነሽ «ዕቃው ሥራ ላይ ነው» ብለው መልሰዋል። ማኅበሩም የካቲት 2 ቀን ባደረገው ስብሰባ ዕቃው ከሶዶ እንዳይወጣ፣ የተጀመረውን መቀነት ሳሌም እንድትጨርሰው፣ ከእንግዲህ በምንሠራው መቀነት ሁሉ ጠርዝ ላይም የአቶ ኤርሳዶ ስም እንዲሸመን በሙሉ ድምፅ ወስኗል።

ለወይዘሮ አገርነሽ፣ ለልጆቻቸውና ለዘመዶቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ለጥናት ቡድኑም እንዲሁ፤ በቀብሩ ላይ ስታለቅሱ አይተናችኋል፤ ዕንባችሁ የውሸት አልነበረም። ለቅሶ ለመድረስ ስትመጡ በራችን ክፍት ነው። ዕቃ መጫኛውን መኪና ግን እዚያው አዲስ አበባ ተዉት።

«ክር ለጤና» የሽመና ኅብረት ሽርክና ማኅበር
ወላይታ ሶዶ፣ የካቲት 3 ቀን 2008 ዓ.ም.