ከሮም ስቶክሆልም፣ ሦስት ሰዓት

ጥቅምት 6
እዚህ አሜሪካ፣ ኢገን ከተማ፣ ዛሬም ዝናብ። ከሥራ መልስ አዲስ አበባ ደወልኩ። እማዬ «ደህና ነኝ፣ ብቻ ይደክመኛል» አለች። መቼ ነው እንዲህ ብላ የምታውቀው?... ነገም እደውላለሁ።

ጥቅምት 9
እማዬ የለችም።

የአክስቴ ልጅ ሮማን ናት የደወለችው። የምሠራበት የአረጋውያን ቤት ፓርኪንግ ላይ፣ መኪና ውስጥ ነበርኩ። ብቻሽን ነሽ ወይ እንኳ ሳትል፣ «እቴቴ፣ እናታችን...» ብላ ተንሰቀሰቀች። አልፈርድባትም፣ አምልጧት ነው። እኔስ? ቦርሳዬን አንግቤ ገባሁ፣ ሺፍቴን ጨረስኩ። እንባ ጠብ አላለም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ለቀብሩ እንደሆን ማናችንም አንደርስም። ወንድሜን ናሆምን ሮም ያሉ ጓደኞቹ በማለዳ በሩን አንኳኩተው አረዱት። የቀረችው ትንሿ እህታችን፣ ማዕዶት። ስቶክሆልም፣ ብቻዋን። መርዶ በስልክ? እንዴት ተደርጎ! ናሆም «እኔው ራሴ ሄጄ እነግራታለሁ» አለ። ለዘመድ ሁሉ ቴክስት አደረግኩ፦ ፌስቡክ ላይ ማንም ምንም እንዳይለጥፍ!

ጥቅምት 10
ከሥራ ብሬክ ወጥቼ ስልኬ ላይ አፈጠጥኩ። ናሆም ያለበት አውሮፕላን የበረራ መከታተያው ካርታ ላይ ትንሽ ቢጫ ነገር ሆኖ ይሄዳል። ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሦስት ሰዓት። አልፕስን ተሻገረ... ጀርመን ገባ... ጉድ እኮ ነው! ያ ሁሉ ተራራ፣ ያ ሁሉ አገር፣ ሁለት ቃል ለማድረስ!

እሱ እስኪደርስ ማዕዶት እናት አላት። ይሄኔ ሱቅ ውስጥ ቲማቲም እየመረጠች ይሆናል። ከሰው ጋር እየሳቀች ይሆናል። ፈጣሪዬ፣ እንዲህ ያለም ሦስት ሰዓት አለ? ምነው ቀስ ባለ ብዬ ተመኘሁ።

ከሚሪያ የምትባል የሥራ ባልደረባዬ መጣች። «ምን እያየሽ ነው?» ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ ጫነች።
«ውይ! አንቺንስ ማን መጥቶ ነገረሽ?»
«ስልክ።»
ቆይታ የናሆምን ቁጥር ተቀበለችኝ፣ ላጽናናው ብላ።

ጥቅምት 11
ማዕዶት ደወለች። ድምጿ ተዘግቷል። «በሩን ከፍቼ ሳየው ገባኝ፣ እቴቴ... ባይዘኝ መሬት ነበርኩ።» ከዚያ፣ «አንቺን ግን ማን ያዘሽ?»
ሥራ አለብኝ ብዬ ዘጋሁት።

ጥቅምት 15
ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኳ። በዚህ ሰዓት ማን?

ከሚሪያ። ከኋላዋ ማዕዶት፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ። ናሆም! ያን ሁሉ ውቅያኖስ ተሻግረው... ከኤርፖርት ያመጣቻቸው ከሚሪያ ናት፤ ለካ ሲደዋወሉ ነው የሰነበቱት።

«ምን ሆናችሁ ነው? እኔ እኮ አውቄያለሁ!» አልኳቸው።

ናሆም ትከሻዬን በሁለት እጁ ያዘ። ምንም እንዳልሰማ ሰው አድርጎ ቀስ ብሎ ነገረኝ።
«እቴቴ... እማዬ አረፈች።»

ጮህኩ። ሦስቱም ያዙኝ።