የቀዩ ፎርማጆ ቅርፊት

ሚያዝያ 6 ቀን 1957፣ ረቡዕ
ዛሬም ጭድ ተራ ለአባዬ ምሳ አደረስኩ። ጭዱ ፀጉሬ ውስጥ ገብቶ እስካሁን ያሳክከኛል። ስመለስ ራጉኤል አጥር ጥግ ውብሸትን አገኘሁት። ፒያሳ ግሪኩ ግሮሰሪ ፎርማጆ የሚሉትን የፈረንጅ አይብ እየቆረጠ የሚሸጥ ሰው፣ በጾም እንኳ እጁ ፎርማጆ ፎርማጆ ይሸታል። ሳልወደው አልቀረሁም… ሽታውን ማለቴ ነው።

ማታ አባዬ ቁርጡን ተናገረ። የውብሸትን ሽማግሌዎች ከመቀበሉ በፊት ልጁን ለፋሲካ ጋብዞ በዓይኑ ሊያየው ነው። እማዬ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ ግን ፈራሁ። አባዬ ሰውን የሚያየው እንደሚሸጠው ጭድ ነው፤ ጨብጦ፣ አሽቶ።

ሚያዝያ 16፣ ቅዳሜ
ውብሸት ለነገ ብሎ ሁለት ፎርማጆ በር ላይ ሰጥቶኝ ሄደ። አንዱ ቀይ ድቡልቡል፣ አንዱ ነጭ፣ ላዩ ሻጋታ የመሰለ። የቀዩ ቅርፊት ሰም ነው፣ አይበላም አለኝ። ነጩ ግን ከነቅርፊቱ ይበላል። ቀምሼ እንዳላጣራ ጾም ነው።

ቀዩን ልልጥ ቢላ ሳነሳ አባዬ ደረሰ። ጌጡን ገፍፈሽ ምኑን ልታቀርቢ ነው አለኝ። ሰም ነው ልል አፌን ስከፍት፣ "እኔን ልታስተምሪኝ ነው?"… ዘጋሁት። አባዬ አላውቅም ከሚል ሞቱን ይመርጣል። ነገን እንዴት ነው የማልፈው?

ሚያዝያ 17፣ ፋሲካ


አጎቴ ኃይለ ማርያምም ነበር። ዶሮው ተበልቶ ሲያበቃ አባዬ ቀዩን ከነቅርፊቱ ቆረጠ፣ በእንጀራ ጠቀለለና ለውብሸት አጎረሰው። እኔ ማስታጠቢያውን ይዤ ቆሜያለሁ። ውብሸት አንዴ አየኝ። አኘከ… አኘከ… ዋጠው። ተመስገን ስል አባዬ "አንድ ያጣላል" ብሎ ደገመው። እሱንም ዋጠ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ከዚያ አባዬ ሦስተኛውን ጠቅልሎ ወደ እማዬ ዞረ። እማዬ ከጨጓራ ሕመሟ ገና ማገገሟ ነው። ደርቄ ቀረሁ። ውብሸት ከመቀመጫው ተነሳ።

"ጋሼ ደመቀ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለእትዬ አይስጧቸው። ቅርፊቱ ሰም ነው።"

አባዬ ወደ እሱ ዞረ።

"አንተ ስትበላው አልነበር?"

"የእጅዎ ጉርሻ ስለሆነ ነው።"

አባዬ ጉርሻውን መሶቡ ጠርዝ ላይ አስቀመጠ።  ውብሸት እጅ ነስቶ ሄደ። አጎቴ "በገዛ ቤቱ አዋረደው" ሲል ሰማሁ። አለቀልኝ።

ሚያዝያ 18
አባዬ ማንንም አያናግርም።

ሚያዝያ 20፣ ረቡዕ
እማዬ "ለእኔ አስቦ እኮ ነው" አለችው። አባዬ ፊቱን አዞረ። አጎቴ ለእሁድ የተቀጠሩት የውብሸት ሽማግሌዎች እንዳይመጡ ልላክባቸው ወይ ሲለው "ቆይ" አለ። ቆይ ምን ማለት ነው?  የውብሸትስ ጥፋቱ ምንድን ነው? ዝም ቢል እማዬ ልትታመም… ቢናገር ባለጌ። ተናድጃለሁ። በአባዬም፣ ቆሜ ባየሁት በራሴም።

ሚያዝያ 22፣ ዓርብ
ማታ አባዬ ነጩን ፎርማጆ አምጪው አለኝ። እስካሁን የነካው የለም፣ ሽታው ጓዳውን ሞልቶታል። ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አገላበጠው፣ በጥፍሩ ጫር አደረገው። እማዬ ከጓዳ አጮልቃ ታያለች።

"የዚህስ ቅርፊት ይበላል?"

አባዬ ሲጠይቅ ስሰማ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ውብሸት ይንገረው ብዬ ዋጥኩት።

"እኔ እንጃ፣ አባዬ" አልኩ።

ትክ ብሎ አየኝ። ያወቀብኝ ይመስለኛል።

"እንግዲያው እሁድ ሽማግሌዎቹ ይምጡ። ሰኞ ደግሞ ያን ልጅ ጥሩልኝ፣ የቅርፊቱን ነገር ይንገረኝ።"

ነጩን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜ መልሼ አስቀመጥኩት። እስከ ሰኞ ባይበላሽ…